በሀዋሳ ዙሪያ በቆሎ አድርቆ፣ አከማችቶ በደህና ዋጋ መሸጥ

በሀዋሳ ዙሪያ በቆሎ በብዛት የሚሰበሰበው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ዋጋው በዓመቱ ዝቅ የሚለውም ያኔ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ስለሚያወጣ ነጋዴው አይቸኩልም፣ አምራቹ ግን የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጆች ወጪና የቀን ሠራተኛ ክፍያ ይጠብቀዋል። «እስከ ግንቦት ይዤ ልቆይ» የሚለው ሐሳብ ስለዚህ ተገቢ ነው። የሚያዋጣው ግን በቆሎውን በሚገባ አድርቆ ላስገባ ሰው ብቻ ነው። እርጥብ ሆኖ የተከማቸ እህል ዋጋው ሲወጣ ክብደቱና ጥራቱ ይወርዳል፤ ግንቦት ላይ የሚገኘው ገንዘብ ኅዳር ላይ ይገኝ ከነበረው አንሶ ያርፋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚዞረው በዚህ በአንዱ ነገር፣ በእርጥበት ላይ ነው።

መቼ ይቆረጥ

አገዳው ስለደረቀ ብቻ በቆሎው ደርሷል አይባልም። ከበቆሎው ራስ መሐል ጥቂት ፍሬ ፈልፍሉና ከቆረቆንዳው ጋር ተያይዞ የነበረውን ጫፍ በጥፍር ፋቁት። ሥሩ ጥቁር ሽፋን ከታየ ፍሬው ከተክሉ ምግብ መቀበል አቁሟል፤ ከዚያ ወዲያ ማሳ ላይ መቆየቱ ምርት አይጨምርም። ያን ጊዜ ግን ፍሬው ገና 30 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ውኃ ይዟል። ወዲያው ቆርጦ መፈልፈል ፍሬውን ይጨፈልቀዋል።

ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ማሳ ላይ መተውም ሌላ ጣጣ አለው። ብዙ ሰው ነቀዝ ከጎተራ የሚመጣ ይመስለዋል፤ ነቀዝ ግን በቆሎው ቆሞ ሳለ፣ በተለይ ሽፋን ቅጠሉ ጫፉን በደንብ ባልሸፈነው ራስ ላይ፣ እንቁላሉን ፍሬው ውስጥ ይጥላል። ምስጥ አገዳውን ይጥላል፣ የጥቅምት ዝናብ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ በቀረው ራስ ውስጥ ገብቶ ከታች ያበሰብሰዋል። የሚሻለው መሐከለኛው መንገድ ነው፦ ፍሬው በአውራ ጣት ሲገፋ ሳይጨፈለቅ ከቆረቆንዳው መነቀል ሲጀምር፣ እርጥበቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ አካባቢ ሲሆን ቆርጦ፣ የቀረውን ከዝናብ በተጠበቀ ቦታ ማድረቅ።

ከመቁረጣችሁ በፊት የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአሥር ቀን መረጃ ተመልከቱ፤ በ8028 ነፃ የስልክ መስመር የግብርና ምክርም ይገኛል። ትንበያው ዝናብ ካለ፣ ባላችሁ ሸራ መሸፈን ከምትችሉት በላይ በአንድ ቀን አትቁረጡ። የተቆረጠ በቆሎ ተከምሮ ሁለት ሌሊት ዝናብ ሲመታው መሐሉ ይሞቃል፣ ከዚያ የሚመጣውን ሻጋታ የኋላ ፀሐይ አይመልሰውም።

ሳይፈለፈል ከነራሱ ማድረቅ

ቦታ ያለው ሰው በቆሎውን ሳይፈለፍል ነፋስ በሚያልፍበት፣ ግድግዳው በእንጨት ወይም በቀርከሃ በተሠራ ጠባብ ጎተራ ቢያደርቀው ይመረጣል። ስፋቱ ወሳኝ ነው። እርጥበት በሚበዛበት ቦታ ከ60 ሴንቲ ሜትር፣ ደረቅ በሆነው ደግሞ ከ1 ሜትር ቢበልጥ ነፋሱ መሐል አይደርስም። ርዝመቱ የፈለጋችሁትን ያህል ይሁን፤ የጎኑ ሰፊ ፊት ነፋሱ ወደሚመጣበት ይዙር። ወለሉ ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ይበል፣ ምሰሶዎቹ ላይም አይጥ እንዳትወጣ ከቆርቆሮ የተቆረጠ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ክብ ይታሰር። ሽፋን ቅጠሉን ልጣችሁ አስገቡ፤ ከነሽፋኑ የገባ በቆሎ በጣም ዘግይቶ ነው የሚደርቀው።

ከማስገባታችሁ በፊት ምርጫ አድርጉ። ጫፉ የበሰበሰውን፣ ወፍ የበላውን፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሻጋታ የያዘውን ለይታችሁ አውጡ። ይህን ሥራ ሰው እንደ ትርፍ ሥራ ያየዋል፤ ለጤና ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ የሚመነጨው ከአንዳንዱ እንዲህ ያለ ሻጋታ ሲሆን ተቀቅሎም፣ ተጋግሮም፣ ተፈጭቶም አይጠፋም። «ለከብት ይሁን» ብሎ መስጠትም መፍትሔ አይደለም፤ የላሟ ወተት ውስጥ ይገባል፣ ዶሮንም ይጎዳል። የተለየው ይቀበር።

መፈልፈል

ወደ 14 ወይም 15 በመቶ ሲወርድ መፈልፈል ይቻላል። በጆንያ ከቶ በዱላ መውቃት ፈጣን ይመስላል፣ ግን ፍሬ ይሰብራል፤ የተሰበረ ፍሬ ደግሞ ለሻጋታም ለተባይም የተከፈተ በር ነው፣ ገዢም ሲያየው ዋጋ ይቀንሳል። በእጅ የሚዞረው መፈልፈያ ለትንሽ ምርት ይበቃል። በሞተር የሚሠራውን ከተከራያችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከእናንተ በፊት የማን እህል እንዳለፈበትና ከውስጡ የቀረው መጠረጉን፣ እንዲሁም ፍጥነቱ መስተካከሉን። የመጀመሪያው አንድ ጣሳ ሲወጣ አቁሙና ተመልከቱ። ከመቶ ፍሬ ውስጥ አምስት ስድስቱ ከተሰበረ ወይ ፍጥነቱ በዝቷል፣ ወይ በቆሎው ገና እርጥብ ነው።

ሸራ ላይ ማስጣት

የተፈለፈለውን በሸራ ላይ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አስጡት፤ በየሰዓቱ በእንጨት መጎተቻ ገልብጡት። ባዶ መሬት ላይ አታስጡ፤ የአፍላቶክሲን ሻጋታ መኖሪያው አፈር ነው። አስፋልት ላይ ማስጣትም ጠጠርና ዘይት ያገባል፣ መኪናም ይፈጨዋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሰው ይሞትበታል። አመሻሽ ላይ ጤዛ ከመውደቁ በፊት ሰብስባችሁ ሸፍኑ። ወደ ጆንያ የሚገባው ግን ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ሙቅ እህል ሲታሰር ሌሊት ላይ ያልበዋል፣ ያ ላብ ከላይኛው ፍሬ ላይ ይቀመጥና በሳምንት ውስጥ የሻጋታ ቆብ ይሠራል።

የጨው ሙከራ

የእርጥበት መለኪያ ያለው ማኅበር ወይም ዩኒየን ቅርብ ከሆነ በዚያ አስለኩ። ናሙናው ከአንድ ቦታ የተዘገነ አይሁን፤ ከክምሩ አምስት ቦታ፣ ከላይም ከሥርም ውሰዱ፣ አቀዝቅዙ፣ ደጋግማችሁ አስለክታችሁ አማካዩን ያዙ። መለኪያ ከሌለ ጨው ይሠራል።

ክዳኑ በደንብ የሚገጥም፣ ንጹሕና ፍጹም ደረቅ የመስታወት ዕቃ አዘጋጁ፤ የማር ወይም የማርማላታ ጠርሙስ ይሆናል። ፕላስቲክ አይሆንም። የገበታ ጨው ምጣድ ላይ አሙቃችሁ እርጥበቱን አውጡ፣ አቀዝቅዙ። የጠርሙሱን ሲሶ በቆሎ ሙሉ፣ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፣ ክደኑ፣ አንድ ደቂቃ ያህል በኃይል ነቅንቁ። ከዚያ 15 ደቂቃ አስቀምጡት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ከቀረ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ ሸራው ይመለስ። ግድግዳው ጥርት ካለና ጨው ሁሉ ከሥር ከወረደ ከ15 በመቶ በታች ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ ጨው አለመጣበቁ «ለማከማቻ ደርሷል» ማለት አይደለም። ለእኛ አየር የሚበቃው 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው፣ ክረምቱን ለሚያልፍ ደግሞ 12.5 አካባቢ። ስለዚህ ሙከራውን ካለፈ በኋላ ጥሩ ፀሐይ ባለበት አንድ ወይም ሁለት ቀን ጨምሩለት።

በአሜሪካ የበቆሎ ቀበቶ፣ በአዮዋና በኢሊኖይ፣ ገበሬዎች እስከ ፀደያቸው፣ እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ገደማ፣ ለሚሸጡት 15 በመቶ ይበቃል ይላሉ፤ እስከ ዓመት ለሚቆይ 14፣ ከዓመት ለሚያልፍ 13። ይህን ቁጥር ከኢንተርኔት ወስዶ ሀዋሳ ላይ መጠቀም ያከስራል። እነሱ ዘንድ ቀዝቃዛው ወቅት በረዶ ስለሆነ ተባዩም ሻጋታውም ለወራት ያንቀላፋል፣ ጎተራቸውም በማራገቢያ ቀዝቃዛ አየር ይነፋበታል። እኛ ጋ ቅዝቃዜ የሚያግዘን አይደለም፤ የሚያግዘን ድርቀቱ ብቻ ነው።

የክብደት ስሌት

እርጥበት ሲወጣ ክብደት ምን ያህል እንደሚቀንስ ማወቅ ሚዛን ላይ ይጠቅማል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የአሁኑን እርጥበት ከ100 ቀንሱ፣ የምትፈልጉትን እርጥበትም ከ100 ቀንሱ፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ፣ በኪሎው አባዙ። 100 ኪሎ በ18 በመቶ የነበረ በቆሎ ወደ 13 ሲወርድ 82 ለ87 ነው፤ 94.3 ኪሎ ይሆናል። በ20 በመቶ የነበረው 92 ኪሎ ይቀረዋል፣ በ16 በመቶ የነበረው 96.6 ኪሎ።

አሁን ገዢው «እርጥብ ነው» ብሎ በ16 በመቶ እህል ላይ በኩንታል 10 ኪሎ ቢቀንስባችሁ፣ ትክክለኛው የውኃ ጉድለት 3.4 ኪሎ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለማድረቂያ ድካሙና ለሥጋቱ ጥቂት ቢጨምር ያግባባል፤ 10 ኪሎ ግን አያግባባም። በሌላ በኩል ከልክ በላይ ማድረቅም የራስን እህል በነፃ መስጠት ነው። በጥርና በየካቲት ፀሐይ እስከ 11 በመቶ የወረደ 100 ኪሎ በ13 በመቶ ቢለካ 102.3 ኪሎ ይመዝን ነበር። ቶሎ ለሚሸጥ በቆሎ 13 ላይ ማቆም ይበቃል።

ማከማቸት

ነቀዝ ሙቀት ባለበት ቦታ ከእንቁላል እስከ አዋቂ በአምስትና ስድስት ሳምንት ያድጋል። ኅዳር ላይ ጥቂት የነበረ፣ መጋቢት ላይ ሦስት ትውልድ አልፎበታል። የተለመደው የፕላስቲክ ማዳበሪያ ጆንያ ለዚህ ምንም አያደርግም፤ በዚያ ላይ ክረምት ሲገባ ደረቁ እህል ከአየሩ እርጥበት መልሶ ይጠጣል።

ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ሁለቱንም ችግር ይፈታል። የመጣው ከኢንዲያናው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ መጀመሪያ የታሰበው ለካሜሩን ገበሬዎች ጥራጥሬ ማከማቻ ነበር። ሁለት ወፍራም ላስቲክ በአንድ ሽምን ጆንያ ውስጥ ይገባሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ውስጥ የቀረው ነቀዝ ራሱ ኦክስጅኑን ተንፍሶ ይጨርሰዋል፣ መብላት ያቆማል፣ ከዚያ ይሞታል። መድኃኒት አያስፈልገውም።

ከረጢቱን ከመሙላት በፊት ላስቲኮቹን አንድ በአንድ አየር ሞልታችሁ አፋቸውን ጠምዝዛችሁ ጫን ብላችሁ አዳምጡ፤ የሚያፏጭ ቀዳዳ ካለ አይሆንም። የውስጠኛውን በመካከለኛው ውስጥ፣ ሁለቱንም በውጭኛው ጆንያ ውስጥ አስገቡ፣ አፋቸውን ወደ ውጭ ቀልብሱ። እህሉን በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፤ በየመሐሉ ከረጢቱን ብድግ አድርጋችሁ መሬት ላይ ቀስ ብላችሁ ጣል ስታደርጉት ማዕዘኑ ይሞላል፣ አየርም ይወጣል። እስከ አፍ አትሙሉ፣ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ ይትረፍ። ከዚያ የውስጠኛውን ከጎን ወደ ላይ በእጅ እያሻሻችሁ አየሩን አስወጡ፣ አፉን እንደ ገመድ እስኪጠነክር ጠምዝዙ፣ እጠፉት፣ ከእጥፋቱ ሥር በሲባጎ አጥብቃችሁ እሰሩ። መካከለኛውንም እንዲሁ፣ ውጭኛውንም እንዲሁ። ብዙ ሰው የውስጠኛውን ብቻ በደንብ አስሮ ሌላውን በግዴለሽነት ይተወዋል፤ ያኔ ከረጢቱ ተራ ጆንያ ሆነ ማለት ነው።

ቆረቆንዳ ስብርባሪና ጠጠር በወንፊት ይውጣ፣ ላስቲክ የሚበሳው እሱ ነው። ከረጢቱ ከግድግዳ ራቅ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ቢያንስ አንድ ወር፣ ቢቻል ሁለት ወር አይከፈት፤ ለምሳ እየተከፈተ የሚዘጋ ከረጢት አየር ስለሚያገኝ ነቀዙ አይሞትም። ስለዚህ ለቤት ቀለብ የሚሆነውን ለብቻ፣ በትንሽ ዕቃ ያዙ። ላስቲኩ ካልተቀደደ ለቀጣዩ ዓመትም ያገለግላል። ያልደረቀ በቆሎ ግን በፒክስ ፈጽሞ አይታሰር፤ ውኃው መውጫ ስለሌለው ይብላላል፣ ስትከፍቱት የጠላ ሽታ ይመታችኋል።

ስለ ክኒኑ

ፎስቶክሲን በሚል ስም የሚታወቀው የነቀዝ ክኒን ገዳይ ጋዝ ያወጣል። አንዱ 3 ግራም ክኒን 1 ግራም ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ በጆንያ ሽመና ያልፋል፣ በግድግዳ ስንጥቅም ያልፋል። ሰው በሚያድርበት ቤት፣ አልጋ ሥር ወይም ከመኝታ ክፍል ጋር በተያያዘ ጓዳ ውስጥ መጠቀም ቤተሰብ ይጨርሳል። አየር በማያስወጣ ሸራ ሳይሸፈን ቢደረግም ለተባዩ አይበቃም፤ ከሞት የሚያመልጠውን ነቀዝ ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምደዋል። ይህ የሠለጠነ ሰው በመጋዘን የሚሠራው ሥራ ነው። ለቤት ማከማቻ ከረጢቱ ይበቃል።

በተራ ጆንያ ለመያዝ የተገደደ ሰው በየሁለት ሳምንቱ እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ያስገባ። መሐሉ ከሞቀ፣ ወይም ጆንያው ሥር ነጭ ዱቄት ከታየ፣ ያን ሳምንት መሸጥ ነው፤ የገበያውን ዋጋ መጠበቅ የለም።

ይዞ መቆየት መቼ ያዋጣል

ለምሳሌ ያህል ኅዳር ላይ ኩንታሉ 4,000 ብር ነው እንበል። ለስድስት ወር ስትይዙት ያ ገንዘብ ታስሯል፤ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ብትበደሩ ኖሮ የስድስት ወሩ 360 ብር ነው። ከረጢቱ 200 ብር ቢሆንና ሁለት ዓመት ቢሠራ 100 ብር፣ ለማውረድና ለመጫን 40 ብር፣ ከ14 ወደ 13 በመቶ ሲደርቅ የሚጠፋው ክብደት ወደ 46 ብር። ድምሩ 546 ብር ነው፤ ግንቦት ላይ ከ4,546 ብር በታች ከሆነ ኅዳር ላይ መሸጡ ይሻል ነበር ማለት ነው። በተራ ጆንያ ይዛችሁ ነቀዝ አንድ አሥረኛውን ቢበላው የከረጢቱን ወጪ ብታተርፉም ወጪ የሚመልሰው ዋጋ 4,940 ብር ይደርሳል። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ዋጋ ተኩ፤ ወረቀት ላይ ሳይጻፍ የሚወሰን መቆየት ግምት ነው።

ዋጋው በአብዛኛው ከመጋቢት ጀምሮ ይወጣል፣ እስከ ሰኔ ይዘልቃል። እሸት ገበያ ሲገባ፣ በእኛ አካባቢ በሐምሌና በነሐሴ፣ ይሰበራል። ስለዚህ ሰኔን ማለፍ ሥጋቱ ከትርፉ ይበልጣል። የበልጉ ዝናብም ይታይ፦ ሚያዝያ ላይ ከዘገየ መጋዘን ያለው ነጋዴ እጁን ይይዛል፣ ዋጋ ይነሣል፤ በደንብ ከጣለ ሁሉም የያዘውን ያወጣል። ሁልጊዜም ይወጣል የሚባል ዋስትና የለም። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ተከታታይ ጥሩ ምርት ሲገኝ የበቆሎ ዋጋ እስከዚህ ወድቆ አንዳንዱ ገበሬ የመሰብሰቢያ ወጪው ስላልሸፈነለት ማሳ ላይ ተወው፤ በቀጣዩ ዓመት ድርቅ መጣ። ስለዚህ ቀለባችሁን ለይታችሁ የቀረውን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ ሲሶው ለዕዳ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ሲሶው መጋቢት ላይ፣ ሲሶው ግንቦት ላይ ይሸጥ።

በአሜሪካ የቺካጎ የእህል ገበያን ዋጋ ሰማሁ ብሎ የሚወስን ሰውም አለ። እዚያ የሚጠቀሰው በቡሽል ነው፤ አንድ የበቆሎ ቡሽል 25.4 ኪሎ ስለሆነ በ3.94 ስታባዙት የኩንታል ዋጋ ይሆናል፤ 4.50 ዶላር ማለት በኩንታል 17.70 ዶላር ገደማ ነው። ያ ግን ለመኖና ለኤታኖል (ለነዳጅ አልኮል) የሚሆን ቢጫ በቆሎ ነው፣ ከጂቡቲ እስከዚህ ያለውን ጭነትም አልጨመረም። የሀዋሳን ነጭ በቆሎ ዋጋ የሚወስኑት የሻሸመኔ፣ የሀላባና የአዲስ አበባ ነጋዴዎች፣ የዱቄትና የመኖ ፋብሪካዎች እንዲሁም የዚህ አገር ዝናብ ናቸው።

ሚዛን ላይ

ዋጋ ስትጠይቁ ሁልጊዜ «የት ደርሶ?» በሉ። ቤት ድረስ መጥቶ የሚወስደው ሰብሳቢ የሚሰጠውና ሀዋሳ መጋዘን ላይ የሚሰጠው ልዩነት ጭነት፣ አውራጅና የደላላ ድርሻ ነው፤ አስልታችሁ የሚበልጠውን ምረጡ። ጥቂት ጎረቤታሞች ሆናችሁ አንድ አይሱዙ ከሞላችሁ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ሁለተኛ ዋጋ መስማት ይቻላል። እህሉ በጥራት ተለይቶ የቀረበ መሆኑን ገዢው ራሱ እንዲያይ አንዱን ጆንያ ከፍታችሁ አሳዩ።

ባስኩሉ ባዶ ሳለ ዜሮ ላይ መቆሙን እዩ፤ ከዚያ ያልተከፈተ የ50 ኪሎ ዩሪያ ከረጢት ከቤት ይዛችሁ መጥታችሁ አስመዝኑ። 48 ካለ እህላችሁንም በዚያው ልክ ያጎድላል። የፕላስቲክ ጆንያ ክብደት ከ100 እስከ 150 ግራም ነው፣ የቃጫው ግን 1 ኪሎ ገደማ ይደርሳል፤ «የጆንያ» ተብሎ ሁለት ኪሎ የሚቀነስበት ምክንያት የለም። የየጆንያውን ኪሎ ራሳችሁ በደብተር መዝግቡ፣ ድምሩንም ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት ከገዢው ጋር አስተያዩ።

ከድቅል ዘር፣ ከቢኤች-540ም ሆነ ከሊሙ ወይም ከሾኔ፣ የተገኘውን በቆሎ ለቀጣዩ ዓመት ዘር ብላችሁ አታስቀሩ፤ የሁለተኛው ትውልድ ምርት ይወርዳል። የዘሩን ገንዘብ ከመጋቢቱ ሽያጭ ላይ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ከረጢቱ ላይ ያለው ማኅተም ያልተነካ መሆኑንና የማለፊያ ጊዜውን አይታችሁ ከማኅበሩ ወይም ፈቃድ ካለው ሻጭ በሚያዝያ መጀመሪያ ግዙ።